ለኮሌጅ ከመክፈላችን በፊት

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ፣ ጎፋ፣ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)

ቡናው እስኪፈላ ድረስ የሂሳብ ክፍሉን ሪፖርት እንድናቀርብ ነበር የተያዘው። ሪፖርቱ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ከሻይ ሰዓት በኋላ ታነቡታላችሁ። ዛሬ መናገር የፈለግነው ከሪፖርቱ ውስጥ ስለ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «የትምህርት ክፍያ ብድር» ስለሚለው።

ድሮ ከዚህ ካዝና ብድር የሚወጣው ለሰርግ፣ ለተዝካር፣ ለቤት ዕቃ ነበር። አሁን ለኮሌጅ የሚወጣው እየበለጠ መጥቷል። አንዳንዶቻችን ለሴት ልጆቻችን እንከፍላለን፤ አንዳንዶቻችን ራሳችን ቀን ሠርተን ማታ እንማራለን። አካውንቲንግ፣ ልብስ ስፌት፣ ምግብ ዝግጅት፣ ኮምፒዩተር፣ የኤሌክትሪክ ሥራ። የመንግሥት ኮሌጅ የገባች አለች፤ ፎቅ ተከራይቶ የሚያስተምር የግል ኮሌጅ የገባችም አለች። ገንዘቡ ግን የሁላችንም ነው፤ ከጉልት፣ ከእንጀራ ሽያጭ፣ ከደሞዝ ላይ በየወሩ የተቀነሰ። ገንዘባችን የሚገባበትን ቤት ማየት ይገባናል ብለን ተነሣን።

ባለፈው ክረምት ሦስት ሆነን ከአባላት ልጆች እጅ የየኮሌጁን የሥነ ምግባር ደንብ ሰብስበን አነበብን። ስም አንጠራም። አንዱ ከአንዱ ስለሚገለብጠው አንዱን ያነበበ ሌላውን እንዳነበበ ይቆጠራል (በአንደኛው ደንብ መካከል የሌላ ኮሌጅ ስም ሳይሰረዝ ቀርቶ አግኝተናል)። ሰልጣኝ መታወቂያ ሳያንጠለጥል አይገባም። ሰልጣኝ ካረፈደ በሩ ይዘጋበታል። ሰልጣኝ ጫት፣ ሲጋራ፣ መጠጥ፣ ስለት ይዞ አይገኝም። ሰልጣኝ ያለ ጋዋን ወርክሾፕ አይገባም። አሰልጣኝ መሳደብ፣ ፈተና መኮረጅ፣ በግቢ ውስጥ የፖለቲካና የሃይማኖት ቅስቀሳ ማድረግ የተከለከለ ነው። ከዚያ ቅጣቱ በቅደም ተከተል ይመጣል፤ የቃል ማስጠንቀቂያ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ እገዳ፣ ስንብት።

ይህ ሁሉ ያስፈልጋል። ልጃችን ስለት ከያዘ ልጅ አጠገብ እንድትቀመጥ የምትፈልግ እናት የለችም። ግን በእርሳስ እያሰመርን ስናነብ አንድ ነገር ታየን። በየዓረፍተ ነገሩ የሚታዘዘው ሰልጣኙ ነው። ኮሌጁ በስሙ የሚጠራው ሊቀጣ ሲል ብቻ ነው። ኮሌጁ መብራት ያበራል፣ ኮሌጁ አቤቱታ ይቀበላል፣ ኮሌጁ በዚህን ያህል ቀን መልስ ይሰጣል የሚል አጣን። በአንደኛው ደንብ ላይማ ስለ ሴት ልጅ የተጻፈው አንድ አንቀጽ ብቻ ነው፤ እሱም ስለ ቀሚሷ ርዝመት። ሒሳብ የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ወረቀት ሲያይ ሌላኛው ገጽ የት ሄደ ብሎ ያገላብጣል። እኛም አገላበጥነው፤ ባዶ ነው።

ነገሩ የሰፈራችን ኮሌጆች ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡ ተማሪዎች ከነወላጆቻቸው የሥነ ምግባር ውል እንዲፈርሙ ማድረጉን ታስታውሳላችሁ። ከእኛም ውስጥ የፈረሙ አሉ። ልጄ ሰላም አታደፈርስም ብለን ፈረምን፤ ልጅሽን በሰላም እመልስልሻለሁ ብሎ የፈረመልን ግን አልነበረም። በዚያው ዓመት በወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ተማሪዎች ተገደሉ፤ ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የነበሩ ተማሪዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ መንገድ ላይ ታገቱ። የወላጅ ፊርማ ይህን ማስቆም እንደማይችል የታወቀ ነው፤ ፊርማው የተጠየቀው ግን ከአንድ ወገን ብቻ ነበር።

ወደ እኛው ሰፈር እንመለስ። ከምናውቃቸው የግል ኮሌጆች ብዙዎቹ ግቢ የላቸውም። ምድር ቤቱ ምግብ ቤት ወይም መጠጥ ቤት፣ አንደኛ ፎቅ ባንክ፣ ሦስተኛና አራተኛው ኮሌጅ ነው። ጥበቃው የሕንፃው እንጂ የኮሌጁ አይደለም። ደረጃው የማነው? ሽንት ቤቱስ? መጠጥ ቤቱ ገብቶ የሚወጣው ሁሉ በዚያው ደረጃ ይሄዳል፣ በዚያው ሽንት ቤት ይጠቀማል። የማታ ተማሪ የሆኑ አባሎቻችን ሽንት ቤት ሲሄዱ ሁለት ሁለት እየሆኑ ነው፤ አንዷ ትገባለች፣ አንዷ በሩን ይዛ ትቆማለች፤ መወርወሪያው ከወለቀ ስለቆየ። ለኮሌጁ ሲነገር «ለሕንፃው ባለቤት አሳውቀናል» ይላል፤ የሕንፃው ባለቤት «ተከራዩ ያሠራው» ይላል። የአንድ በር መወርወሪያና ለደረጃው ሁለት አምፖል ከአንዲት ተማሪ የወር ክፍያ አይበልጥም። ሒሳቡን ሠርተን ያየነው ነው፤ ገንዘብ የለም የሚባል ነገር አይደለም።

የማታው ክፍል 11፡30 ይገባል፣ 2፡30 ይወጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር በደንቡ ውስጥ የለም። አስፋልቱ ዳር መብራት አለ፤ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ስንታጠፍ ግን ሌላ ነው። ጎፋ መብራት ኃይል ብለን በጠራነው ሰፈር በስልካችን መብራት እየሄድን ቤታችን እንገባለን፤ ስሙን ያወጡት ሰዎች ቢያዩን ይስቁብን ነበር። ወንዶቹ ልጆችም ስልካቸውን የሚነጠቁት እዚያው ነው፤ አፍረው አይናገሩም እንጂ። ታክሲው ሰልፍ ላይ የተሰለፈች ልጅ ደግሞ ሲመሽባት «በኮንትራት» የሚላትን መኪና ታያለች። መስከረም 21 ቀን 2007 ዓ.ም. በአየር ጤና አካባቢ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ለመሄድ ታክሲ መስሏት የገባችው የ16 ዓመቷ ሃና ላላንጎ በሕይወት የቆየችው አንድ ወር ብቻ ነው፤ ጥቅምት 22 አረፈች። አድራጊዎቹ ተይዘው ተፈርዶባቸዋል። ሃና የተያዘችው ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ነበር። የትምህርት ቤት ኃላፊነት አጥሩ ላይ ያበቃል የሚለው ሰው እንግዲህ ይህን አስቦ ይናገር። ኮሌጁ አውቶቡስ ይግዛ አላልንም። የማታው ክፍል ሩብ ሰዓት ቀድሞ እንዲወጣ፣ በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱት ተጠባብቀው እንዲወጡ፣ ጥበቃው የመጨረሻዋ ልጅ ታክሲ እስክትይዝ በሩን ከፍቶ እንዲቆም ነው የምንለው።

ሌላው ብዙዎቻችሁ የማታውቁት ጉዳይ የትብብር ስልጠና ነው። በቴክኒክና ሙያ ስልጠና መርሁ 70 በመቶው በሥራ ቦታ፣ 30 በመቶው በኮሌጅ ነው። ሥራ ማስለመዱ ጥሩ ነው፤ ልጆቹ ሥራ የሚያገኙትም በዚያ ነው። ነገር ግን ልጅቷ ብዙውን ጊዜዋን የምታሳልፈው የኮሌጁ ደንብ በማይደርስበት ጋራዥ፣ ሆቴል ወይም ቢሮ ውስጥ ነው፤ ሎግ ቡኳ ላይ የሚፈርምላት ሰው ካልፈረመ ስልጠናው አይያዝላትም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን በግልጽ ከልክሏል፤ እሰየው። ይኸው አዋጅ ግን ከተለማማጅነት ውል በስተቀር ለትምህርትና ለስልጠና የተደረገ ግንኙነትን ከሽፋኑ ውጭ ያደርገዋል። ሠራተኛዋ በሕጉ ትጠበቃለች፤ አጠገቧ ሆና ያንኑ ሥራ የምትለምደው ልጅ ግን «ሰልጣኝ ነሽ» ትባላለች። ስለዚህ ኮሌጁ ለትብብር ስልጠና ከድርጅቱ ጋር በሚፈራረመው ወረቀት ላይ ይህ ጉዳይ ተጽፎ እንደሆነ፣ ልጅቷ ችግር ቢገጥማት ቦታ ቀይሮ ያለ ቅጣት እንደሚመድባት ቀድመን መጠየቅ አለብን። ልጅቷ ከገባች በኋላ መጠየቅ ከባድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የአንዲት አባላችን ልጅ የደረሰባትን እዚህ እንድንናገር ፈቅዳልናለች፤ የፈቀደችው ግን ቀኖቹን ብቻ ነው። ዝርዝሩ የራሷ ነው። ኮሌጁንም መምህሩንም አንጠራም።

ነገሩ የደረሰው በኅዳር መጀመሪያ ነው። ኅዳር 12 ለትምህርት ክፍሉ ማመልከቻ ጻፈች። ታኅሣሥ ሙሉ መልስ የለም። ጥር 20 የዲሲፕሊን ኮሚቴው ጠራት፤ አምስት ሰዎች ተቀምጠዋል፣ መምህሩም ከፊት ለፊቷ ተቀምጧል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለሆነ ነገር ሁለት ምስክር አምጪ ተባለች። በየካቲት ሁለት ሽማግሌዎች እናቷ ቤት መጡ፤ «የልጆች አባት ነው፣ እንጀራው ነው፣ ልጅሽም ስሟ ይነሣል» አሉ። እናቷ ቡና አፍልታ ሸኘቻቸው፤ እሺም እምቢም አላለችም። መጋቢት ላይ «ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው» የሚል ደብዳቤ ደረሰ። ሚያዝያ ላይ መምህሩ ሥራ ለቀቀ፤ «ተከሳሹ የኮሌጁ ሠራተኛ ባለመሆኑ ጉዳዩ ተዘግቷል» ተባለ። አሁን ሌላ ኮሌጅ ያስተምራል። ግንቦት ላይ እናትና ልጅ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። መጀመሪያ የተጠየቁት «መቼ ነው የሆነው?» ተብለው ነው።

ሕጉን የምናውቀው ከዚያ በኋላ ስላጠናነው ነው፤ እናንተ ግን ዛሬ ይዛችሁት ሂዱ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 625 መሠረት በአስተማሪነቱ፣ በአሠሪነቱ፣ በአሳዳሪነቱ ወይም በመሰለው ሥልጣን ተጠቅሞ ወይም የሴቲቱን ችግር መሣሪያ አድርጎ ከሴት ጋር የግብረ ሥጋ ግንኙነት ወይም ሌላ አሳፋሪ ድርጊት የፈጸመ ሰው በእስራት ይቀጣል። አስተማሪ የሚለው ቃል በሕጉ ውስጥ አለ። «ለማርክ ብላ ነው እሺ ያለችው» የሚለው ወሬ መልሱ እዚህ ነው፤ ሕጉ የተጻፈው ለዚህ ዓይነቱ እሺታ ነው። ነገር ግን ይህ ወንጀል የሚያስከስሰው የግል አቤቱታ ሲቀርብ ነው። የግል አቤቱታ ደግሞ ተበዳይዋ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀችበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ከኅዳር መጀመሪያ ሦስት ወር ብትቆጥሩ የካቲት መጀመሪያ ላይ ነው። ኮሚቴው መጀመሪያ የተሰበሰበው ጥር 20 ነው፤ ሽማግሌዎቹ የመጡት የካቲት ነው። አውቀውም ይሁን ሳያውቁ ሦስቱን ወር በሉት።

የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፍርድ ቤት አይደለም። ሊያደርግ የሚችለው ማስጠንቀቅ፣ ማገድ፣ ማሰናበት ነው። «ኮሚቴው ሳይወስን ፖሊስ ዘንድ መሄድ አይቻልም» የሚል ሕግ የለም፤ የሚላችሁ ሰው ካለ በጽሑፍ ስጠን በሉት። ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ኃይል ተጠቅሞ የደፈረ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ አንቀጽ 620 ነው፣ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል፣ የግል አቤቱታም አይጠብቅም።

በዚያ ጊዜ የሚቆጠረው ወር ሳይሆን ሰዓት ነው። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ቀድሞ ሲጀመር ይሻላል። የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ድረስ ይሠራል፤ እሱም በቶሎ ሲወሰድ ነው የሚያስተማምነው። ልጅቷ ገላዋን ሳትታጠብ፣ የለበሰችውን ልብስ በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ጠቅልላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። እናት ደንግጣ መጀመሪያ የምታደርገው ማጠብ ነው፤ ስለዚህ ነው በድፍረት የምንናገረው። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሐኪሙ፣ ፖሊሱ፣ ዐቃቤ ሕጉና የሥነ ልቦና ባለሙያው በአንድ ቦታ የሚያገኙበት ማዕከል አለ፤ ልጅቷ አንዱን ታሪክ በየቢሮው እየዞረች ከመናገር ትድናለች። ለጠበቃ ገንዘብ የሌላት ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ ጠላፊዋን ለገደለችው የ14 ዓመት ልጅ ጥብቅና ቆሞ ራሷን ስትከላከል ነው የሆነው ብሎ ነፃ ያስወጣት ይኸው ማኅበር ነው።

ስለ ወረቀት ትንሽ ታገሡን፤ ሥራችን ስለሆነ ነው። ማመልከቻ ሁልጊዜ በሁለት ኮፒ ይጻፍ። አንዱን ለመዝገብ ቤት ስጡ፣ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርጉና ይዛችሁ ውጡ። ለመምህሩ አለቃ በእጅ የተሰጠ ማመልከቻ መሳቢያ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ቁጥር ያለው ግን ማን እንደተቀበለው ይታወቃል። ያቺ ልጅ የኅዳር 12ቱን ማመልከቻ አንድ ኮፒ ብቻ ነበር የሰጠችው፤ ኮሚቴው «የደረሰን በታኅሣሥ መጨረሻ ነው» ሲል የምታሳየው አልነበራትም። የቴሌግራም መልእክትም እንዲሁ ነው። ላኪው ሲፈልግ ከራሱም ከእሷም ስልክ ላይ ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ እንደደረሰ ስሙና ቁጥሩ እንዲታይ አድርጋ ስክሪኑን ፎቶ ታንሣ፣ ለምታምነው ሰው ትላክ። ይህን ለሴት ልጆቻችን ዛሬ ማታ እንንገራቸው፤ ነገሩ ከደረሰ በኋላ ልብ የሚል የለም።

ደንቦቹን ስናነብ አብረውን የነበሩ አንዲት እናት «ልብሱ ላይ የተጻፈው አጥፍቷል ነው የምትሉት? ልጅ ሥርዓት ይዛ ትሂድ» ብለውን ነበር። እሳቸውን እናከብራለን፤ ስለ ልብስ አንጣላም። ግን ያቺ ልጅ በዚያ ቀን የለበሰችው የኮሌጁን ዩኒፎርም ነው። አንድ ወንድም ደግሞ «መምህር በሐሰት ቢከሰስስ?» አለን። ተገቢ ጥያቄ ነው። በቀን ተቆጥሮ፣ በጽሑፍ ተጠይቆ፣ በጽሑፍ መልስ የሚሰጥበት ሥርዓት ንጹሕ መምህርንም የሚያድነው እሱ ነው። አሁን ባለው አሠራር ያ መምህር አጥፍቶም ከሆነ አልተቀጣም፣ ባያጠፋም ስሙ አልጸዳም፤ ዝም ብሎ ለቆ ሄደ።

እንግዲህ የሂሳብ ክፍሉ ሐሳብ ይህ ነው። ማኅበሩ ለትምህርት ሲያበድር ገንዘቡን የሚያስገባው በኮሌጁ ሒሳብ ነው። በአንድ ክረምት ለአንድ ኮሌጅ የስምንትና የዘጠኝ ልጅ ክፍያ የምናስገባበት ጊዜ አለ፤ ለእነሱ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ስለዚህ ከማስገባታችን በፊት አንዲት ገጽ ቅጽ ኮሌጁ ማኅተም አድርጎ ይሰጠናል። አቤቱታ የሚቀበለው ማን እንደሆነ በሥራ መደቡ ይጻፍ፤ ከዚያው ትምህርት ክፍል ያልሆነችና ሴት ብትሆን ይመረጣል። በ15 የሥራ ቀን ውስጥ የጽሑፍ መልስ ይሰጥ። ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ክፍል ፊት ለፊት አይቀመጡ። መምህሩ ቢለቅም ምርመራው እስከ መጨረሻው ተሠርቶ ውጤቱ ለልጅቷ በደብዳቤ ይድረሳት። የትብብር ስልጠና ቦታ ያለ ቅጣት የሚቀየርበት አሠራር ይኑር። ደረጃው ይብራ፣ ሽንት ቤቱ ከውስጥ ይቆለፍ።

ባለፈው ሳምንት በዚህ ላይ ብዙ ተከራክረናል። «ኮሌጁ አልፈርምም ቢል ልጃችን ልትቀር ነው?» ያላችሁ አላችሁ፤ ልክ ናችሁ። ልጅ ከትምህርት አናስቀርም፤ ያን ካደረግን የምንቀጣው እሷን ነው። የፈረመ ኮሌጅ የሴሚስተሩን ክፍያ በአንድ ጊዜ ይወስዳል። ያልፈረመ በየወሩ እየጠበቀ ይወስዳል፤ እኛም በየወሩ ደረሰኝ ልንቀበል ስንሄድ ደረጃውን ወጥተን አምፖሉን እናያለን። የሂሳብ ክፍሉ ሥራ ይበዛበታል፤ ተስማምተንበታል።

ቅጹ ከጸሐፊያችን ዘንድ በሃያ ኮፒ ተባዝቶ ተቀምጧል። የመጪው ቅዳሜ 8 ሰዓት ላይ ወደ ሁለት ኮሌጆች እንሄዳለን፤ ከእናቶች ሁለት፣ ከማታ ተማሪዎች ሁለት ሰው ያስፈልገናል፤ ስማችሁን ለጸሐፊዋ አስመዝግቡ። ድምፅ የምንሰጠው ከሁለተኛው ቡና በኋላ ነው። ያቺ ልጅም በአዲስ ኮሌጅ ከመስከረም ጀምሮ ትማራለች፤ ክፍያዋ በሪፖርቱ ሦስተኛ መስመር ላይ አለ።